አንድ ቅጠል፣ ብዙ ሕግ፦ ጎረቤት አገሮች ጫትን ለማገድ ሲሞክሩ ምን ሆነ?

እስቲ አንድ እስር ጫት በሐሳባችሁ ተከተሉ። ሐረርጌ ውስጥ ከማሳ ተቀጥፎ አወዳይ ገበያ ደርሷል። እዚህ ሕጋዊ ሸቀጥ ነው፤ ግብር ይከፈልበታል፣ ወደ ውጭም ይላካል። ከሰዓታት በኋላ ጅቡቲ ሲገባም ሕጋዊ ነው፤ ቀረጥ ተከፍሎበት መንገድ ዳር በተደረደሩ የሴቶች ጠረጴዛዎች ላይ ይሸጣል። ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመን ቢገባም የሚደነግጥ የለም። ከየመን ወደ ሰሜን የሳውዲ ዓረቢያን ድንበር ሲያልፍ ግን ያው ቅጠል ከባድ ወንጀል ይሆናል። ወደ ደቡብ ብንወስደውስ? ኬንያ ውስጥ በሕግ የታወቀ የገበሬ ምርት ነው፤ ታንዛንያ ሲገባ ደግሞ የተከለከለ ዕፅ።

ቅጠሉ ያው ነው። በየድንበሩ የሚለዋወጠው ሕጉ ነው። ታዲያ ይህ ሁሉ ልዩነት ከየት መጣ? ደግሞስ አንድ አገር ጎረቤቱ በነፃ የሚሸጠውን ነገር ብቻውን መከልከል ይችላል? የምሥራቅ አፍሪካና የደቡብ ዓረቢያ አገሮች ይህን ጥያቄ መቶ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በተግባር ሲሞክሩት ኖረዋል። የሙከራዎቹን ውጤት አብረን እንይ። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሰዓት የሚቆጥር ቅጠል

ሕጉን ለመረዳት መጀመሪያ ቅጠሉን ማወቅ ይጠቅማል። በእኛ አካባቢ የጫት ታሪክ ረጅም ነው። የዓፄ ዓምደ ጽዮንን የ14ኛው ክፍለ ዘመን ዘመቻ የሚተርከው ዜና መዋዕል፣ የይፋቱ ገዥ ሰብረዲን የንጉሡን ከተማ መራዴን ይዞ ጫት እንደሚተክልባት መዛቱን ጽፏል። አስቡት፤ ያኔም ጫት የማንነት ምልክት ነበር ማለት ነው። የአውሮፓ ሳይንስ ግን በጽሑፍ የተዋወቀው በ1775 ነው። ፔተር ፎርስኮል የሚባል የዕፅዋት ተመራማሪ ከዴንማርክ በተላከ የጥናት ቡድን ውስጥ ሆኖ የመን ሄደ፤ እዚያው በ1763 በወባ ሞተ። ማስታወሻዎቹን ከጉዞው በሕይወት የተመለሰው ባልደረባው ካርስተን ኒቡር አሳተመለት። ተክሉ ዛሬም የሚጠራበት ካታ የሚለው ሳይንሳዊ ስም ከዚያ መጽሐፍ የመጣ ነው።

ሰውን የሚያነቃው ነገር ምንድን ነው? ሳይንቲስቶች ለረጅም ጊዜ ካቲን የሚባለውን ንጥረ ነገር ብቻ ነበር የሚያውቁት። ካቲን ግን ብቻውን የምርቃናውን ኃይል ለማስረዳት ደካማ ነበር። መልሱ የተገኘው በ1975 ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅ ቤተ ሙከራ ካቲኖን የሚባል ሌላ ንጥረ ነገር ከቅጠሉ ለየ። ካቲኖን አሠራሩ ከአምፌታሚን ጋር ይመሳሰላል፦ እንቅልፍን ያባርራል፣ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፣ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይጨምራል።

ካቲኖን አንድ ደካማ ጎን አለው፤ አይቆይም። ቅጠሉ ተቀጥፎ ሁለት ቀን ገደማ ሲሆነው አብዛኛው ወደ ካቲን ይለወጣል፣ ኃይሉም ይቀንሳል። ገዢው ለምለሙን ቀንበጥ መርጦ ጠውላጋውን የሚንቀው፣ የጫት መኪና ሾፌርም እንደዚያ የሚበረው ለዚህ ነው። ይህን የ48 ሰዓት ነገር ያዙልኝ፤ ታሪኩን በሙሉ የሚያሽከረክረው እሱ ነው። ጫት በበቅሎ ሲጓዝ ከተመረተበት አካባቢ ብዙም አይርቅም ነበር። ባቡር ሲመጣ ባሕር ዳርቻ ደረሰ። መኪና ሲመጣ በረሃውን አቋረጠ። አውሮፕላን ሲመጣ ደግሞ ባሕር ተሻገረ። የክልከላ ሕጎችም መጓጓዣውን እግር በእግር ተከትለው መጡ።

የመጀመሪያዎቹ ክልከላዎች

የእንግሊዝ ቅኝ ገዢዎች በእንግሊዝ ሶማሌላንድ ጫትን መከልከል የጀመሩት በ1920ዎቹ ነው። በ1940ዎቹ ደግሞ በኬንያ ሰሜናዊ ወሰን ያሉ አስተዳዳሪዎች ተመሳሳይ ሕግ አወጡ። ምክንያታቸው ተመሳሳይ ነበር፦ አርብቶ አደሩ ገንዘቡን ይጨርሳል፣ ወታደሩና ሠራተኛው ይሰንፋል።

እዚህ ላይ ግን አንድ እንግዳ ነገር ልብ በሉ። የኬንያው ሕግ ያነጣጠረው በሰሜን በሚቅመው ሰው ላይ ነው። በዚያው ቅኝ ግዛት ውስጥ፣ በሜሩ ደጋ፣ ገበሬው ሚራ ብሎ የሚጠራውን ይህንኑ ቅጠል መትከሉን ቀጥሏል። አንድ መንግሥት በአንድ እጁ የሚፈቅደውን በሌላው እጁ ሊይዝ ሲሮጥ ማለት ነው። በሶማሌላንድም ጫቱ የሚመጣው እንግሊዞች ከማያዙበት ከሐረርጌ ነው፤ ድንበሩ ደግሞ ሰፊ በረሃ። ክልከላው ብዙ ሰው አሳሰረ፣ ቃሚውን ግን አላስቆመም። በ1950ዎቹ ማብቂያ ላይ የእንግሊዝ አስተዳደር ራሱ ክልከላውን ትቶ ወደ ፈቃድና ቀረጥ ዞረ።

ኤደን፣ 1957፦ በአውቶቡስ የሚታለፍ ሕግ

ከሁሉም ሙከራዎች ውስጥ እንደ ኤደን ንጹሕ ምሳሌ የለም። በ1950ዎቹ ኤደን የእንግሊዝ ቅኝ ግዛትና በዓለም ላይ መርከብ ከሚበዛባቸው ወደቦች አንዷ ነበረች። የወደብ ሠራተኛ ቋሚ ደመወዝ አለው። ከባሕሩ ማዶ ደግሞ ድሬዳዋ አለች። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ጠዋት ድሬዳዋ ላይ የጫነውን ጫት በአጭር በረራ ኤደን ያደርሰዋል፤ ቅጠሉ ገና ጤዛው አልደረቀም። የሐረርጌ ገበሬ ገበያ አገኘ፣ የኤደን አስተዳደርም ቀረጥ ሰበሰበ።

ቅሬታ ግን ነበር፤ ቅሬታውም ባዶ አልነበረም። የሠራተኛው ደመወዝ ጫት ላይ እያለቀ ቤተሰብ ይቸገራል፣ ብዙ ገንዘብም በየዕለቱ ከኤደን ይወጣል የሚሉ ሰዎች ድምፃቸውን አሰሙ። አስተዳደሩም በሚያዝያ 1957 ጫትን ጨርሶ ከለከለ።

ምን ሆነ መሰላችሁ? ሕጉ የሚሠራው በቅኝ ግዛቱ ውስጥ ብቻ ነው። ኤደን ደግሞ ትንሽ ናት፤ ዙሪያዋን የከበቡት እንደ ላሕጅ ያሉ ሱልጣኔቶች እንግሊዝ የምትጠብቃቸው ቢሆኑም የራሳቸው ሕግ ነበራቸው፣ ጫትም አልከለከሉም። ስለዚህ የኤደን ቃሚ ከሥራ ሲወጣ አውቶቡስ ተሳፍሮ ከወሰኑ ማዶ ይሄዳል፣ እዚያ ቁጭ ብሎ ይቅማል፣ ማታ ይመለሳል። ቅጠሉ ከየመን ተራሮች በመኪና እስከ ወሰኑ ይመጣለታል። ለቤተሰቡ ይተርፋል የተባለው ገንዘብ እንዲያውም የአውቶቡስ ዋጋ ተጨመረበት። አስተዳደሩ የቀረጥ ገቢውን አጣ፣ ኮንትሮባንድም ሌላ ራስ ምታት ሆነበት።

ለኤደን ሰዎች አንድ ነገር እናመስግንላቸው፤ ሕጉ ሳይሠራ ሲቀር ዝም አላሉም። አጣሪ ኮሚሽን አቋቁመው ጉዳዩን አስጠኑ፣ በሰኔ 1958 ክልከላው ተነሣ፣ ጫትም በቀረጥ መግባቱን ቀጠለ። ሙከራው ከአንድ ዓመት ትንሽ ቢበልጥ ነው።

ከዚህ ምን እንማራለን? ሰው ሁልጊዜ ሕግ ይጥሳል ብሎ መደምደም ይቻል ይሆናል። እኔ ግን ሌላ ነገር ይታየኛል፦ አብዛኛው የኤደን ቃሚ ሕጉን መጣስ እንኳ አላስፈለገውም። ጎረቤት ሄዶ በሕጋዊ መንገድ ነው የቃመው። ቀዳዳው ያለው በሁለቱ ሕጎች መካከል ነው።

ሶማሊያ፣ 1983፦ ክልከላ የፖለቲካ መሣሪያ ሲሆን

ሁለተኛው ትልቅ ሙከራ የበለጠ መራራ ነው። በ1983 የሶማሊያው ፕሬዚዳንት ሲያድ ባሬ ጫትን በመላ አገሪቱ አገዱ። የተሰጠው ምክንያት ጤናና ኢኮኖሚ ነበር። ሶማሊያ የምትቅመው ጫት በብዛት ከኢትዮጵያና ከኬንያ ነው የሚገባው፤ ይህ ማለት እምብዛም የሌላት የውጭ ምንዛሪ በየቀኑ ይወጣል ማለት ነው። አንደኛዋ ሻጭ ኢትዮጵያ ደግሞ ከጥቂት ዓመታት በፊት በ1977 እና 1978 የተዋጋቻት አገር ናት።

ከዚህ በስተጀርባ ግን ሌላም ስሌት ነበር። በሰሜን ሶማሊያ፣ በሐርጌሳ ዙሪያ፣ ነጋዴው የሚኖረው ከኢትዮጵያ ጋር በሚደረግ ንግድ ነው፤ ጥቂት የጫት ማሳዎችም ነበሩ። በዚያው አካባቢ መንግሥትን የሚቃወም የትጥቅ ንቅናቄ መሠረቱን ኢትዮጵያ ውስጥ አድርጎ ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ ማሳ ሲነቀልና ነጋዴ ሲታሰር ሰሜነኛው ሕጉን እንደ ጤና ሕግ አላየውም፤ ሆን ተብሎ እሱን ለማደህየት የመጣ አድርጎ ነው የወሰደው። ጫቱ ደግሞ መግባቱን አላቆመም። ዋጋው ጨመረ፣ ትርፉም መኪናና የኬላ ማለፊያ ባላቸው ባለሥልጣኖችና መኮንኖች እጅ ገባ።

በ1991 መንግሥቱ ፈረሰ፤ ክልከላውም አብሮ ፈረሰ። ከናይሮቢ የሚነሡ ትንንሽ አውሮፕላኖች ሚራ ጭነው በየበረሃው ማረፊያ ማረፍ ጀመሩ። ማረፊያውን የያዘው ታጣቂ ቀረጡን ይወስዳል፤ ስለዚህ ማረፊያው ራሱ የሚዋጉበት ሀብት ሆነ። በ2006 የእስላማዊ ፍርድ ቤቶች ኅብረት ደቡቡን ሲቆጣጠር እንደገና ጫትን አገደ፤ ኪስማዮ ውስጥ ተቃውሞ ተነሣ። ኅብረቱ በዚያው ዓመት መጨረሻ ከሥልጣን ሲወገድ ጫቱ በቀናት ውስጥ ተመለሰ። በመጋቢት 2020 ደግሞ የሶማሊያ መንግሥት በኮሮና ምክንያት የጫት በረራዎችን አቆመ። ከኬንያ ጋር የነበረው የፖለቲካ ቅራኔ ተደርቦበት የኬንያ ሚራ እገዳ ከሁለት ዓመት በላይ ቆየ፤ የተነሣው በሐምሌ 2022 ነው። ያን ጊዜ ሁሉ ኪሳራውን የተሸከመው ማን ነው? ስለ ዲፕሎማሲ ማንም ያልጠየቀው የሜሩ ገበሬ።

ከመከልከል ይልቅ መወሰን

ሁሉም ግን ወይ መፍቀድ ወይ ማገድ ብቻ አልነበረም። ደቡብ የመን ነፃ ከወጣች በኋላ፣ በ1970ዎቹ፣ የሶሻሊስቱ መንግሥት ለየት ያለ መንገድ ሞከረ፦ በሥራ ቀናት መቃም ክልክል ነው፤ ሐሙስና ዓርብ፣ በበዓላትም ይፈቀዳል። ከሃያ ዓመት በፊት እገዳ ያልሠራባት ያቺው ኤደን በዚህ ሕግ ለዓመታት ኖረች። ሕጉ ሰውን ጨርሶ ተው አላለውም፤ መቼ የሚለውን ነው የወሰነው። በ1990 ሁለቱ የመኖች ሲዋሐዱ ግን የሰሜኑ ልማድ አሸነፈ፤ የቀን ገደቡም ቀረ። አያችሁ? እዚህም ነገሩን የወሰነው የጎረቤት ሕግ ነው። ጎረቤቱ የአገሩ ግማሽ ሲሆን ገደቡን የሚይዘው ነገር ጠፋ።

ጅቡቲና ሶማሌላንድ የመረጡት ቀረጥን ነው። ጫት በሚገባበት ሰዓት ይታወቃል፣ ይመዘናል፣ ገንዘብ ይከፈልበታል። ይህም የራሱ ወጥመድ አለው። መንግሥት ከአንድ ሸቀጥ ትልቅ ገቢ ሲለምድ ዜጎቹ ትንሽ እንዲቅሙ መፈለግ ይከብደዋል። በጠዋት ጤና ሚኒስቴሩ ቀንሱ ይላል፤ ማታ ገንዘብ ሚኒስቴሩ ለምን ቀነሰ ብሎ ይጠይቃል። አገራችንም ከዚህ ነፃ አይደለችም፤ ጫት ከዋነኞቹ የውጭ ምንዛሪ ምንጮቻችን አንዱ ነው፣ ራሱን የቻለ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅም አለው።

የዓለም ሕግ ምን ይላል?

እዚህ ላይ ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። እ.ኤ.አ. በ1971 የወጣው ስለ ሳይኮትሮፒክ ንጥረ ነገሮች የሚደነግገው ዓለም አቀፍ ስምምነት ካቲኖንን ከ1986 ጀምሮ በጣም ጥብቅ በሆነው ዝርዝር ውስጥ አስገብቷል። ተክሉ ራሱ ግን በዝርዝሩ ውስጥ የለም። የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያዎች ኮሚቴ በ2006 ጉዳዩን አይቶ ጫት በዓለም አቀፍ ቁጥጥር ሥር እንዲገባ አልመከረም፤ ሱስ የማስያዝ አቅሙን ዝቅተኛ ብሎ ነው የገመተው፤ ጎጂ ልማዶችን በትምህርት መቀነስ ይሻላል አለ።

ስለዚህ ውሳኔው ለየአገሩ ተተወ፤ እያንዳንዱም የራሱን መንገድ ያዘ። እስራኤል ውስጥ ከየመን የመጡ አይሁዶች የሚቅሙት ትኩስ ቅጠል ሕጋዊ ነው፤ ከጫት የተጣራው ካቲኖን በእንክብል ሲሸጥ ግን ታግዷል። ልዩነቱ ሳይንሳዊ ነው፦ ቅጠል የሚቅም ሰው ካቲኖኑን በሰዓታት ውስጥ ቀስ እያለ ነው የሚያገኘው፤ እንክብል ግን በአንዴ ነው። አሜሪካ በተቃራኒው ካቲኖን ያለበት ትኩስ ቅጠል ራሱ እንደ ጥብቅ ዕፅ ይቆጠራል ትላለች።

የእንግሊዝ ታሪክ ደግሞ የኤደንን ያስታውሳል፤ አሁን ግን በተገላቢጦሽ። ለንደን ለረጅም ዓመታት ጫትን እንደ አትክልት ታስገባ ነበር። ኔዘርላንድስ በ2013 ስታግድ የእንግሊዝ መንግሥት አገራችን የአውሮፓ ኮንትሮባንድ መናኸሪያ ትሆናለች ብሎ ሠጋ። የራሱ የዕፅ አማካሪ ምክር ቤት ለማገድ የሚያበቃ ማስረጃ የለም ቢለውም በሰኔ 2014 አገደ። ጎረቤት ስላገደ ማገድ ማለት ይህ ነው። ኬንያ ውስጥ የዚያ ውሳኔ ምት የሜሩ ገበያ ላይ አረፈ፤ የኬንያ መንግሥትም በ2016 ሚራን በሕግ ከሚደገፉ የገበያ ሰብሎች ዝርዝር ውስጥ አስገባ። አንዱ አገር ሲዘጋ ሌላው አጥብቆ ከፈተ።

ኡጋንዳ ላይ ደግሞ ገበሬዎችና ነጋዴዎች ራሳቸው ፍርድ ቤት ሄዱ። በ2023 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ምልዓተ ጉባኤ ሳይሟላ የጸደቀ ነው በማለት የዕፅ ሕጉን ሻረው። ልብ በሉ፤ ፍርድ ቤቱ ጫት ጥሩ ነው አላለም፤ ሕግ በሥርዓቱ ይውጣ ነው ያለው። ፓርላማው ብዙም ሳይቆይ በአዲስ ሕግ ያለ ፈቃድ ማምረትንና መነገድን መልሶ ከለከለ።

ታዲያ ምን ይሁን?

እስካሁን ያነበባችሁት ክልከላ አይሠራም፣ ስለዚህ ተዉት የሚል ሊመስላችሁ ይችላል። አይደለም። የጫት ጉዳት እውነት ነው። እንቅልፍ ማጣት፣ የሆድ ድርቀት፣ የደም ግፊት፣ ከጫቱ በኋላ የሚመጣው ድብርት፣ ምርቃናውን ለመስበር ሲባል የሚጠጣው ጨብሲ፤ አብዝተው በሚቅሙና ለአእምሮ ሕመም ተጋላጭ በሆኑ ሰዎች ላይ ደግሞ ከዚህም የከፋ። የመን ውስጥ ጫት ከከርሰ ምድር የሚወጣውን ውሃ እየጨረሰ ነው። ሐረርጌ ውስጥም የቡናና የእህል መሬት ወደ ጫት ዞሯል። በሌላ በኩል ያ ማሳ ልጅ ያስተምራል፣ ያቺ ጠረጴዛ ቤት ታስተዳድራለች። ሁለቱም እውነት ናቸው።

የመቶ ዓመቱ ሙከራ የሚነግረን ነገር ከዚህ ክርክር ይለያል። ኤደን ብቻዋን አገደች፣ ቃሚው አውቶቡስ ተሳፈረ። ሶማሊያ ብቻዋን አገደች፣ ንግዱ ወደ መኮንኖች እጅ ገባ። ደቡብ የመን ብቻዋን ገደበች፣ ድንበሩ ሲጠፋ ገደቡም ጠፋ። በ48 ሰዓት ውስጥ ድንበር ለሚያቋርጥ ቅጠል በአንድ አገር ብቻ የሚወጣ ሕግ ችግሩን ወደ ጎረቤት ይገፋዋል እንጂ አይፈታውም። የአካባቢው አገሮች በኢጋድ በኩል ስለ ድርቅና ስለ እንስሳት በሽታ አብረው ይመክራሉ። ለአካለ መጠን ላልደረሰ አለመሸጥ፣ ከጫት ቀረጥ የተወሰነውን ለአእምሮ ጤና ማዋል፣ ገበሬው ሌላ ሰብል እስኪለምድ መደገፍ፦ እነዚህ ሁሉም አገሮች አብረው ቢያደርጓቸው ማንም አውቶቡስ ተሳፍሮ የማያመልጣቸው ነገሮች ናቸው።

እስከዚያው ድረስ ግን የሕጎቹ ልዩነት በተራ ሰው ሻንጣ ውስጥ ይገኛል። ዘመድ ጋ አድርስልኝ የተባለ፣ አገር ቤት ማንም የማይጠይቅበት አንድ ጥቅል የደረቀ ጫት፣ ለንደን ወይም ዱባይ ወይም ጂዳ ሲደርስ ሰውን ያሳስራል። ከእናንተ መካከል በቅርቡ የሚጓዝ ወይም ተጓዥ የሚሸኝ ካለ፣ የተሰጠውን ዕቃ ከፍቶ ሳያይ አይያዝ። ቅጠሉ የቱንም ያህል የታወቀ ቢሆን፣ የሚጠብቃችሁ የምትደርሱበት አገር ሕግ ነው።